የጥጥ ማኅበር ዋንጫ በማን አፍ ይተረክ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ የድሬዳዋው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እግር ኳስ ክለብ፣ ጥጥ ማኅበር፣ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነባቸውን ዓመታት ዛሬ ስንጽፍ ከሰዎች ትዝታ እንነሣ ወይስ ከመዝገብ? አንደኛው ተከራካሪ ድሬ ተወልዶ ያደገ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው። ሌላው ሐረር ታሪክ ያስተምራል።

የድሬው

የወርቃማ ዘመናችንን መዝገብ በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። በፈረንጆቹ 1960፣ 1962፣ 1963 እና 1965። በስድስት ዓመት አራት ዋንጫ። አለቀ! ከዚህ በኋላ ምን ልጻፍ?

እኔ የማውቀው የሻምፒዮን ዓመት ሌላ ነው። አባቴ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ቡድኑ አዲስ አበባ ሲጫወት ለማየት ሦስት ፈረቃ ከጓደኞቹ ጋር ተቀያየረ፤ ሁለቱ ሌሊት ነበሩ። ከዚያ ባቡር ላይ ወጣ። እህል ጭና ከምትሄድ ሴትዮ ጋር ከረጢት ላይ ተቀምጦ አዋሽን እንዳለፈ፣ ለገሃር ሲወርድ ልብሱ ጥላሸት እንደ ጠጣ፣ ብርዱ እንዳንቀጠቀጠው ይነግረን ነበር። የድሬ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ብርዱ ነው፤ ኳሱ ቀጥሎ ይመጣል። ሲመለስ ዕዳው ጠበቀው፤ የተቀያየራቸውን ፈረቃዎች በተከታታይ ገብቶ ከፈለ። አባቴ ጎሉን ማን እንዳገባ ሲጠየቅ አንዳንዴ ይሳሳት ነበር፤ የማን ፈረቃ እንዳለበት ግን አልተሳሳተም።

ያ ዋንጫ የሱም ነው እላለሁ። እነሱ ያልሸመኑት ጨርቅ የለም፣ እነሱ ያልጮኹበት ጎልም የለም። የተጫዋቾቹን ስም ብቻ ደርድረን ይህን ከተውን፣ የጻፍነው የድሬን ታሪክ ሳይሆን የውጤት ሰሌዳ ነው።

የሐረሩ

በዕድሜ ትበልጠኛለህ፤ እኛ ሀገር አንቱታ ስለሌለ ግን አንተ እያልኩህ ልቀጥል።

የአባትህን ባቡር ወድጄዋለሁ። የምፈራው ከባቡሩ በኋላ የሚመጣውን ነው። እኔም አጎት ነበረኝ። ኳስ ወዳድ ስለነበር ቡድኑን ለማየት ደንገጎን ቁልቁል ወርዶ ድሬ ይገባ ነበር። የአክራውን ጨዋታ የሰማሁት ከእሱ ነው። ልጅ ሆኜ 3 ለ 1 ተሸነፍን ይለኝ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስገባ ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ። እኔ አስተማሪ ስሆን ደግሞ ዳኛው ሦስተኛ ጎላችንን ሽሮብን ነበር! እኔ ቂሉ ይህን ክፍል ውስጥ ተናገርኩ። አንድ ተማሪ በማግሥቱ ውጤቱን ይዞ መጣ። እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ።

እውነቱ ይኸው፦ የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ጥጥ ማኅበር ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ነበር። በፈረንጅ 1965 መጀመሪያ ላይ ጋና፣ አክራ ላይ በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። በአህጉሩ የመጀመሪያ ውድድር ከአራቱ አንዱ መሆን ምን ያንሰዋልና ነው አጎቴ ጎል የሚጨምርለት?

ትልቁ ጣጣ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። አንተ የዘረዘርካቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው። ሽማግሌዎቻችን የሚያወሩት በኛ ነው። አንዱ «በሃምሳ አምስት» ሲል ሌላው 1955ን እንዳለ ይጽፈዋል፤ ሌላው «1962»ን ከውጭ ዝርዝር ቀድቶ ዓ.ም. ይለጥፍበታል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወዲህ ይመጣል። ትዝታ ቀን የለውም፤ ቀን የሌለው ታሪክ ደግሞ ከየትኛውም ወሬ ጋር ይጋባል።

የድሬው

አጎትህን እኔ አልከስሰውም። ለምን ጎል እንደጨመረ አለመጠየቅህ ግን ይገርመኛል። አንድ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ሽንፈቱን ቀስ እያለ ወደ ድል ሲጠጋው፣ ያ ራሱ ስለ ከተማችን የሚነግረን ነገር የለም? የኮተን፣ የጥጥ ማኅበራችን፣ ክብር እየራቀን ሲሄድ ነው ውጤቱም የተሻሻለው!

መዝገብህም ቢሆን ሁሉን አይዝም። የ1954ቱን (በፈረንጅ 1962) የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ውሰድ፤ ጥር 13፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አቻ ያደረገው በ74ኛው ደቂቃ ነው፤ ባደዊ በ75ኛው መልሶ አገባብን። ሉቻኖ በ84ኛው አቻ አደረገ፤ በጭማሪ ሰዓት ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ 4 ለ 2 አደረጉት። ደቂቃው ሁሉ አለ። ሉቻኖ ቫሳሎ የኛ ክለብ ሰው፣ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል፣ አስመራ የተወለደ፣ አባቱ ጣሊያን እናቱ ኤርትራዊት፤ በደርግ ጊዜ ተሰዶ በፈረንጅ 2022 ጣሊያን ውስጥ ዐረፈ። ዋንጫ ያነሣ አምበል ከሀገር ሲወጣ ምን ይሰማዋል? ይህን 84ኛው ደቂቃ አይነግርህም፤ እሱ ወይም የሚያውቀው ሰው ካልነገረህ።

የሐረሩ

ልክ ነህ፤ ይህን ደቂቃው አይነግረኝም። ግን አስተውል፣ አሁን ለማሳመን የተጠቀምክባቸው በሙሉ ከመዝገብ የመጡ ናቸው። አባትህን እንኳን አልጠራህም።

ስለዚህ ልጠይቅህ፦ አባትህ ሦስት ፈረቃ የተቀያየረበት ጨዋታ የትኛው ዓመት ነው?

የድሬው

ያዝከኝ አቦ! አባቴ ዓመት ጠርቶ አያውቅም፤ አሁን ደግሞ የለም። እናቴን ጠየቅኋት። «ያን ጊዜ ታላቅ እህትህን አርግዤ ነበር፤ ሌሊቱን ብቻዬን ትቶኝ ሄደ» አለችኝ፤ ቂሙ ዛሬም አልወጣላትም። እህቴ የተወለደችው መስከረም 1956 ነው፤ የክርስትና ካርዷ አለ። ቁጠረው። ጉዞው ከ1955 ገና ወዲህ ነው፤ በፈረንጅ 1963። ዋንጫ ያገኘንበት ዓመት። ትዝታ ቀን የለውም ያልከኝ አንተ ነህ፤ ይኸው እናቴ ቀን ሰጠችህ።

የሐረሩ

ይህን እቀበላለሁ፤ ካርዱ መዝገብ ስለሆነ እንጂ ቂሙን አምኜ አይደለም። አባትህ ያየው ጨዋታ ዋንጫው የተወሰነበት መሆኑን ግን ገና አላሳየኸኝም፤ «እናቴ እንደነገረችኝ» ብለህ ጻፈው፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጠው። የአጎቴን ሦስተኛ ጎልም እጽፈዋለሁ፤ «ያልገባ» ብዬ።

ቅዳሜ በደንገጎ እወርዳለሁ። ከዚራ ሰፈር አግኘኝና ወደ እናትህ ውሰደኝ፤ ባቡሩ የሄደው ስንት ሌሊት እንደነበረ እሷው ትንገረኝ።