መቀዥቀዥን ሸምድደው ላለፉ

የአሜሪካን ኮሌጅ ተማሪ ሰነፍ ነው የምትሉ ሁሉ አፋችሁን ያዙ። አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ ዓመት ነው። የባዮሎጂ መጽሐፉ እስካሁን ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። የኤዲኤችዲን (ትኩረት የሚያሳጣና የሚያቁነጠንጥ የጤና ችግር ነው) 18 ምልክቶች ግን፣ ዘጠኙን የትኩረት ማጣት፣ ዘጠኙን የመቁነጥነጥ፣ እንደ ዳዊት ይደግማቸዋል። አለበት ለመባል ለሕፃን ከአንዱ ወገን 6 ይጠየቃል፤ ከ17 ዓመት ጀምሮ 5 ይበቃል። እሱ ለክፉም ለደጉም ብሎ 7 ይዟል። «ሁሉንም አለብኝ ካልክ ይነቃብሃል» አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ሳይነካ ትኩረት ማጣትን ሲያጠና አየሁት። እኔ ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ ቆሜ አላውቅም።

ልምምዱን ብታዩ! ቁልፍ መርሳት ይለማመዳል (የት እንደረሳው ማስታወሻ ይይዛል)። እግር ያንቀጠቅጣል፤ የቀኙን ብቻ፣ ግራው ቶሎ ይደክመዋል።

ያስቸገረችው እናቱ ናት። ምልክቶቹ ከ12 ዓመቱ በፊት መታየት ስለነበረባቸው ምስክር ፈልጎ ደወለላት።

«እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ቀዥቃዣ ነበርኩ አይደል?»

«አንተ? በማርያም! ካስቀመጡህ የማትነሳ ጨዋ ልጅ! ማነው ስም የሚያወጣብህ?»

«ኧረ እንደዛ ብለሽ እንዳትነግሪያቸው!»

ድካሙ ግን ይክሳል። አለበት የሚል የሐኪም ወረቀት ካገኘ፣ ለሌላው 1 ሰዓት የሆነው ፈተና ለሱ ጸጥ ባለ ክፍል 1 ሰዓት ተኩል ይሆንለታል። በዚያ ላይ አዴራል አለ፤ ለዚሁ ችግር የሚታዘዝ፣ በአሜሪካ ሕግ ከኮኬይን ጋር በአንድ መደብ የተመዘገበ መድኃኒት። የኛ ተማሪ ለፈተና ጫት ሲቅም ዱርዬ ይባላል፤ ይኼኛው በሐኪም ትእዛዝ ይመረቅናል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 የአገሩ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አዴራል ማጠሩን ሲያስታውቅ፣ የምር ታማሚዎቹ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞሩ ከረሙ። ምን አለበት፣ መቁነጥነጥ ልማዳቸው አይደል?

የቀጠሮው ዕለት ልጃችን 20 ደቂቃ ቀድሞ ደረሰ። ቅጹን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ሞልቶ፣ ኮፒውን በፎልደር ይዞ። ወረቀቱን በእጁ አስገብቶ ወጣ።

አብሮት ዶርም የሚያድረው፣ እውነትም ያለበት ልጅ፣ ቀጠሮው ሁለቴ አልፎታል። ቅጹንም ለሦስተኛ ጊዜ ጥሎታል። እንዲህ ዝርክርክ ሆኖ ማን ይመረምረዋል?