እጃችሁን ከመቀነታቸው ላይ አንሱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። በለዘብታ ልናገር ብዬ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። የከፋኝ በመንግሥት አይደለም፣ በለጋሾችም አይደለም። በእኛ ነው። ጎረቤት በሆንነው፣ ዘመድ በሆንነው፣ ሰልፍ ይዘን በቆምነው፣ ከተማ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እያማሰልን «ሴፍቲኔት እኮ ገበሬውን አሰነፈው» በምንለው። ሴፍቲኔት ማለት በለጋሾች ድጋፍ ለገጠር ድሃ፣ ጉልበት ያለውን እያሠራ፣ የሌለውን እንዲሁ፣ ገንዘብ ወይም እህል የሚሰጥ የመንግሥት ፕሮግራም ነው።

ነገሩ የሆነው ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት የገጠር ቀበሌ ነው። ስሟን አልጠራም። ብጠራላችሁ «አዬ፣ የእነሱማ ልማድ ነው» ብላችሁ የራሳችሁን ቀበሌ ነፃ ታወጣላችሁ። ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ክፍያ ቀን ላይ ደረስኩ። የሴፍቲኔት ገንዘብ ወራት ዘግይቶ መጣ ተብሎ ሕዝቡ ከንጋት ጀምሮ የጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተኮልኩሏል። ከሩቅ ጎጥ መጥተው እዚያው ያደሩም ነበሩ።

አንዲት እናት ነበሩ። ዕድሜያቸው ሰባን ያልፋል። ባል የለ፣ በሬ የለ። መሬታቸውን በእኩል ሰጥተው ያሳርሳሉ። እናቷ ዓረብ አገር የሄደችባትን የልጅ ልጅ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ስላለቀ ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ገብተዋል፣ ማለትም ሥራ ሳይጠየቁ ነው የሚከፈላቸው። የተከፋይነት ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረውታል። ቋጠሮውን ለመፍታት ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ ከፋዩ «ቶሎ በሉ እንጂ እማማ» ይላል። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ አስፈረማቸው። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ቀለሙ ስላልደረቀ በየብሩ ላይ የጣታቸው ሐምራዊ ምልክት ቀረ። ከኋላቸው ላለችው ሴት «አንዲት ቄብ እገዛለሁ፣ ለልጅቷም ደብተር» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ይጠብቋቸዋል።

አንደኛው ደብተር የያዘ ወጣት ነው፣ መዋጮ ሰብሳቢ። የምን መዋጮ ነው ብዬ ብጠይቀው «የዚህም የዚያም» አለኝ። ደረሰኝ የለም። እማማ «ልጄ፣ በሚቀጥለው ልስጥህ» አሉት። እሱ መልስ አልሰጠም፣ ካርዳቸውን ከእጃቸው ላይ መንጭቆ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። «ሲከፍሉ ይወስዱታል» አለ። ያለ ካርዱ ቀጣዩ ክፍያ የለም። ይህን እሱም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ከፈሉ። ሁለተኛው ባለሱቅ ነው። ገንዘቡ በዘገየባቸው ወራት ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት በዱቤ ሲሰጣቸው ከርሟል። ዋጋውን ስንት አድርጎ እንደጻፈው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ፣ እማማ ማንበብ አይችሉም። ሦስተኛው አራጣ አበዳሪ ነው። እሱ እንኳ ምንም አልተናገረም። እጁን ብቻ ዘረጋ።

«ኧረ የደብተሩን እንኳ ተዉልኝ» አሉ እማማ።

ያኔ ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው አፉን ከፈተ። እሱም ተከፋይ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ በዚያው በር የሚወጣ ሰው ነው። ምን ቢል ጥሩ ነው? «ያልደከሙበት ገንዘብ ምን ያንገበግባቸዋል?»

ግቢው በሙሉ ሳቀ።

ያንን ሳቅ ይቅር ማለት አቃተኝ። ነጣቂ በየአገሩ አለ፣ ነጣቂውን ልማዱ ነው ብዬ ልለፈው እችል ነበር። ሳቁ ግን የእኛ ነበር። እኔ አልሳቅኩም፣ ግን እኔም እንደ ሌላው ዝም ብዬ ቆሜ ነበር፣ ስለዚህ «እናንተ» ስል ራሴን እየጨመርኩ ነው።

ያልደከሙበት! ቀና ብሎ ተራራውን ያየ ሰው ይህን አይናገርም። ሴፍቲኔት በጥር 1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። ስድስት ብር! ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እየታሰበ፣ ያን ጊዜ ጉልበት የነበራቸው እማማና ጓደኞቻቸው በዚያች ስድስት ብር ድንጋይ ተሸክመው እርከን ሠሩ፣ ጎርፍ የሚበላውን ቦይ ገደቡ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ገበያ የሚያደርሰውን መንገድ ጠረጉ። ያ የሳቀው ሰው የሚያርሰው አፈር እዚያ የቀረው በማን ድካም ሆነና ነው? በአገር ደረጃ ደግሞ በ5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ተጀምሮ ወደ 8 ሚሊዮን የደረሰ ፕሮግራም ነው። ስምንት ሚሊዮን ሰነፍ አንድ አገር ውስጥ ከየት ይመጣል?

ሌላም የሚያቃጥል ነገር አለ። ያ የተነጠቀው ካርድ ጀርባው ላይ የባለካርዱ መብት ታትሞበታል። ካርዱ በነፃ እንደሚሰጥ፣ ክፍያውም ሳይጎድል በወቅቱ ሊደርስ እንደሚገባ ይላል። ቅር ያለው ሰው የሚያመለክትበት ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በቀበሌው አለ። እማማ መልሱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በመቀነታቸው ቋጥረው ስንት ዓመት ሲዞሩ ኖረዋል። ከመካከላችን ወስዶ ያነበበላቸው አንድም ሰው የለም። ፊደል የቆጠርነው ለምን ነበር?

ጥሬ ገንዘብ ገጠር ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ካለ ይስማ። መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሰውን ከመሸጥ ማዳን ነው። ክረምት ገብቶ ጎተራ ሲራቆት ድሃ የሚሸጠው ትርፉን አይደለም። ያላደገችውን ፍየል፣ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ፍየሏ ትረክሳለች፣ እህሉ ይወደዳል። በዚያ ሰዓት የገባች ጥቂት ብር ፍየሏን ታተርፋለች። ፍየሏ ትወልዳለች። ዘሩም ማሳ ይገባል። ልጅቷ ትምህርቷን ጥላ ሰው ቤት ከመቀጠር ትተርፋለች። የእርዳታ ስንዴም ሆድ ይሞላል፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ወፍጮ ቤት ስንዴውን ለመፍጨት ብር ይጠይቃል። (ሐቁን ለመናገር፣ ኑሮ ሲንር ብዙ ሰው ስንዴው ይሻለኛል ይላል። ብሩ ከገበያው ጋር እኩል አይሮጥማ።) ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ገንዘቡ በወቅቱ ከደረሰ፣ እጃቸውም ላይ ከቆየ ነው። ከዘገየ የባለሱቁና የአራጣው ገንዘብ ሆኖ ያርፈዋል። እማማ ተቀብለው የሚያስተላልፉ መልእክተኛ ብቻ ናቸው።

«ስጣቸው፣ ይጠጡበታል» የምትሉም አላችሁ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከተለያዩ አገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው ይህንኑ መርምረዋል። ገንዘብ የተሰጠው ድሃ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው አልጨመረም። ኬንያ ሲያያ ውስጥ ደግሞ ከ10 ሺህ ለሚበልጡ ቤተሰቦች ለየቤቱ ወደ 1 ሺህ ዶላር ተሰጥቶ፣ ያልተሰጣቸው ጎረቤቶች ሳይቀሩ ተጠቅመዋል፣ የገበያው ዋጋም እምብዛም ንቅንቅ አላለም። የድሃ ብር ድሃው ሰፈር ውስጥ ነው የሚዞረው። ደመወዙ በገባ ማግሥት የት እንደሄደ የማያውቅ ሰው ነው እማማን ስለ ቁጠባ የሚመክረው!

አሁን አሁን በስልክ መክፈል በየቦታው እየተለመደ መጥቷል። ጥሩ ነው፣ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው ቢያንስ ይቀንሳል። ግን ቴክኖሎጂ እኛን ከእኛ አያድነንም። ስልኩን የሚይዝላቸው ዘመድ፣ የሚስጥር ቁጥሩን «ልንካልዎት» ብሎ የሚጠይቀው ወኪል፣ ያው እኛው ነን።

እና እባካችሁ። መዋጮ ሰብሳቢ የሆንክ ወንድሜ፣ መዋጮ ማለት ሰው ወዶ የሚሰጠው ነው፣ ካርድ አትያዝ። ባለሱቅ የሆንከው፣ ዱቤ መስጠትህ ደግ ሥራ ነው፣ ዋጋውን ግን እሳቸው የሚያምኑት ሰው ባለበት ጻፈው፣ ደግሞም ቤታቸው ድረስ ሂድ እንጂ በር ላይ አትጠብቅ። አራጣውን ምን እንደምለው አላውቅም። መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የክፍያ ቀን ግማሽ ቀን ሰጥታችሁ እዚያ ግቢ ቁሙ። ማንበብ ነው እንጂ ሌላ የሚጠበቅባችሁ ነገር የለም።

ሰሞኑን ዘመዴ ደውላ ነበር። በመጨረሻው ክፍያ አንድ መምህር የአንዷን ካርድ ተቀብሎ ጀርባውን ጮክ ብሎ አነበበው አለችኝ። ባለደብተሩ ልጅ ትንሽ ተጨቃጨቀና ሄደ። ባለሱቁ ነበር፣ አራጣውም ነበር፣ እነሱ የሚደርሳቸውን ወስደዋል። እማማ ደብተሩን ገዝተዋል፣ ቄቧ ግን አልደረሰቻቸውም። የሚቀጥለው ክፍያ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። መምህሩም ዝውውር ጠይቋል ይባላል። እሱ ከሄደ ሌላ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።