ክራር ብቻ የሚችል ጆሮ

እዚህ ባሕር ዳር አንድ የወጣት ተዋንያን ቡድን የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖን «የአሸር ቤት ውድቀት» ወደ ሙዚቃዊ ተውኔት ለመመለስ እየተለማመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 የታተመው ይህ አጭር ልቦለድ በጥቁር ኩሬ ዳር ስለቆመ አሮጌ ቤትና በውስጡ ስለሚኖሩ ሕመምተኛ መንትዮች ይተርካል፤ ወንድም እኅቱን ሞታለች ብሎ ምድር ቤት ያስቀምጣታል፣ እርሷ በዐውሎ ነፋስ ሌሊት ተመልሳ ስትመጣ ሁለቱም ይሞታሉ፣ ቤቱም ተሰንጥቆ ኩሬው ውስጥ ይሰምጣል። በጭጋጋማ ማለዳ የደንገል ታንኳ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አጠገቡ ሲደርስ ያየ የጣና ዳር ሰው ለዚህ ታሪክ ባይተዋር አይሆንም። ምርጫቸውን እደግፋለሁ፤ ቅሬታዬ በሙዚቃው ላይ ነው።

ልምምዱን ባየሁበት ቀን ገና ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ኪቦርዱ ጀመረ፤ ከዚያም አላቋረጠም። በታሪኩ ውስጥ ግን ወንድምየው ሮድሪክ አሸር ብርሃን ዓይኑን የሚያመው፣ የአበባ ሽታ የሚያፍነው ሰው ነው፤ ከድምፅም ሁሉ የማያስፈራው የአንዳንድ ባለአውታር መሣሪያዎች ድምፅ ብቻ ነው። ራሱም ጊታር እየመታ ይዘፍናል። ደራሲው እንዲህ አድርጎ መሣሪያውን ከመረጠልን፣ ቤቱ ውስጥ ከክራርና ከማሲንቆ ሌላ ምን ያስፈልጋል? ቅኝቱም አንቺ ሆዬ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ትዝታ ከሆነ ተመልካቹ በናፍቆት ይተክዛል እንጂ አይፈራም፣ በአንቺ ሆዬ ግን ተጠጋግተው የሚቆሙት ድምፆች ጆሮን ዕረፍት ይነሡታል። (በገና ይግባ ያሉም ነበሩ፤ ድምፁ ይስማማል፣ ነገር ግን የእኛ ሰው በገና ሲሰማ ሐሳቡ ወደ ዐቢይ ጾም እንጂ ወደ አሸር ቤት አይሄድም።)

ለእኅትየዋ ለማደላይን የተሰጣት ረጅም ዘፈንም መውጣት አለበት። በታሪኩ ውስጥ እርሷ አንዲት ቃል አትናገርም። ዝም እንዳለች ብትቆይና፣ ወንድሟ በመጨረሻው ሌሊት የልቧን ከባድ ምት እሰማለሁ ሲል ከበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢመታ፣ የእርሱ ጆሮ የማይችለውን ድምፅ እኛም አብረነው እንሰማለን።

ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ፈረንሳዊው አቀናባሪ ክሎድ ዴቡሲ ምስክር ነው፤ ይህንኑ ታሪክ ኦፔራ ሊያደርገው ለዓመታት ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1918 ሲሞት ሳይጨርሰው ቀርቷል። ወጣቶቹ ግን የሚያስፈልጋቸው ነገር እዚያው አዳራሹ ውስጥ አለ። በዚያው ቀን በልምምዱ መካከል መብራት ጠፋ፣ ኪቦርዱም ጸጥ አለ፤ ክራር መቺው ግን አላቆመም። ሮድሪክን የሚጫወተው ልጅ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ በር ላይ ቆመው ያወሩ የነበሩትም ዝም አሉ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፤ ኪቦርዱም ካቆመበት ቀጠለ።