እናቴ መድኃኒቷን ጨርሳለች

ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። የጤና ፕሮግራም ነው። እንግዳው ሐኪም ስለ ጨጓራ ባክቴሪያ፣ ስለ ኤች ፓይሎሪ ያስረዳሉ። ጋዜጠኛዋ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀች። «ታዲያ ዶክተር፣ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ለምን ይመለስበታል?» መልሳቸው አጭር ነበር። «የኛ ሰው መድኃኒት አይጨርስም። ትንሽ ሻል ሲለው ያቋርጣል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የለመደው ለዚህ ነው። አዲስ መድኃኒት አገር ውስጥ እስኪገባ ያለውን ደጋግመን ከመስጠት ውጪ አማራጭ የለንም።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «እውነታቸውን ነው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የኔ ደም ግን ፈላ።

እናቴ ማድ ቤት በር ጀርባ የግድግዳ ካላንደር አላት። ለዚሁ ባክቴሪያ የታዘዘላትን መድኃኒት በዋጠች ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ የጫረቻቸው ትንንሽ ጭረቶች ተሰልፈውበታል። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። 14 ቀን፣ 28 ጭረት። አንድም አልዘለለችም። ጾም ነበር። መድኃኒቱ ምግብ ይፈልጋል ስለተባለች ንስሐ አባቷን አስፈቅዳ በጠዋት ቁርስ በላች። ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለተኛው ወር የጨጓራዋ ማቃጠል ተመለሰ። ተመልሳ ሄደች። ያንኑ ሦስት መድኃኒት ሰጧት፤ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ሁለቱ አንቲባዮቲኮች አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን። ሌላ 28 ጭረት። ማቃጠሉም ያው።

56 ጭረት የደረደረች ሴት «አልጨረሰችም» ስትባል ዝም አልልም።

«ያለውን ደጋግመን» የምትለዋን ነገር እንያት። ክላሪትሮማይሲን የሚሠራው ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚያመርትበትን ቦታ በመያዝ ነው። ባክቴሪያው እዚያ ቦታ ላይ አንዲት የጂን ፊደል ከቀየረ መድኃኒቱ የሚጨብጠው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ 28 ጊዜ ብትውጠው፣ 280 ጊዜ ብትውጠው ለውጥ የለውም። በአንደኛው ዙር ክላሪትሮማይሲን ወስዶ ያልዳነ ሰው በሁለተኛው ዙር እንዳይደገምለት የአውሮፓም የአሜሪካም የሕክምና መመሪያዎች በግልጽ ጽፈዋል። ይህን ያለዕውቀት አደረጉት ብዬ አላምንም። አውቀው ከሆነ ደግሞ በሬዲዮ ጥፋቱን በበሽተኛው ላይ ማላከክ ምን ይባላል?

ባክቴሪያውን ማን አስተማረው? እኔ እንዲህ ነው የማየው። ኤች ፓይሎሪ አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይገባል። ካልታከመ ዕድሜ ልክ ይኖራል። እዚህ አገር ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ ከሁለት ሰው አንዱ አለበት። ስለዚህ በሕይወታችን ለሌላ በሽታ የዋጥነው እያንዳንዱ አንቲባዮቲክ እሱ ዘንድ ደርሷል።

አሁን ወደ ልጅነታችሁ ተመለሱ። ሆድ ቁርጠት? ፍላጅል። ተቅማጥ? ፍላጅል። «አሜባ ነው»፣ «ጃርዲያ ነው»፣ ፍላጅል። የሰገራ ምርመራው አንዳንዴ ተደረገ፣ አንዳንዴ አልተደረገም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁልጊዜ አሜባ ነበር። ቲኒዳዞልም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጎረቤታችን የነበሩት እትዬ ከመሶቡ አጠገብ በላስቲክ ጠቅልለው ያስቀምጡት ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሆዱን ሲያመው እሳቸው ጋ ይላካል። እሳቸውን አልወቅስም። ከየት ተማሩት? ጤና ጣቢያ ሄደው ሁልጊዜ የሚሰጣቸው እሱ ስለነበር ነው። ፍላጅል ማለት ሜትሮኒዳዞል ነው። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ የጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ባክቴሪያው ጨጓራችን ውስጥ ቁጭ ብሎ 30 ዓመት ሙሉ ይህን መድኃኒት ለብቻው፣ ያለ አጋዥ፣ ለአጭር ቀን ሲመጣበት እየተቋቋመ ኖረ። ከዚህ የተሻለ ልምምድ የለም። አፍሪካ ውስጥ ለሜትሮኒዳዞል የማይበገረው ባክቴሪያ መብዛቱ የሚገርመኝ አይደለም።

አዚትሮማይሲንም አለ። የክላሪትሮማይሲን ሥጋ ዘመድ ነው፤ አንዱን የለመደ ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ሌላውንም ይለምዳል። ለትራኮማ በዘመቻ የታደለው የብዙ ሰው ዓይን አድኗል። ያንን አልቃወምም። በኮሮና ጊዜ ግን ላሳለ ሁሉ፣ ላተኮሰው ሁሉ አዚትሮማይሲን ሲታዘዝ አይተናል። በቫይረስ ላይ! ማን ነበር ያዘዘው? እናቴ አይደለችም።

በሽተኛን መውቀስ በጨጓራ ሕክምና አዲስ ነገር አይደለም። ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት የጨጓራ ቁስለትን በጭንቀትና በሚያቃጥል ምግብ ሲያሳብቡ ኖረዋል። «አትናደድ፣ በርበሬ ተው» ይባል ነበር። ሁለት አውስትራሊያውያን፣ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል፣ ባክቴሪያውን እ.ኤ.አ. በ1982 ፐርዝ ከተማ ውስጥ አሳደጉት። ሰሚ አጡ። ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። ቁስለቱ የበሽተኛው የጠባይ ጉድለት እንዳልሆነ ለማስረዳት ይህ ሁሉ ፈጀ። አሁን ደግሞ «አይጨርስም» መጣ። የሚያቋርጥ ሰው የለም አልልም፤ አለ። ግን ያቋረጠውንና የጨረሰውን ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ጆንያ መክተት ሕክምና አይደለም።

«አዲስ መድኃኒት እስኪገባ» ለሚለውም መልስ አለኝ። እህቴ ሜሪላንድ ትኖራለች። እሷም ተገኘባት። አራት ዓይነት መድኃኒት ለ14 ቀን ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ደንግጣ ደወለች፤ «ምላሴ ጠቆረ!» ከአራቱ አንዱ የሆነው ቢስመዝ ነው የሚያጠቁረው። ምንም አይልም፣ ሲጨረስ ይጠፋል። አራቱ እነዚህ ናቸው፤ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ የሚቀንሰው ኪኒን። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያ ዙር ያስቀደመው ይህንን ነው። ባክቴሪያው ሜትሮኒዳዞልን የለመደ እንኳ ቢሆን መጠኑ ከፍ ብሎ፣ ቀኑ ረዝሞ፣ ቢስመዝ ሲታከልበት ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ከአራቱ ውስጥ አዲስ የቱ ነው? ቴትራሳይክሊን እኮ ልጅ ሆነን ስንወድቅ እንክብሉን ከፍተው ቁስላችን ላይ የሚነሰንሱልን ነው! ቢስመዝ አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። እኔ እዚህ ሰባት ፋርማሲ ዞሬ አጣሁት። የጠፋው ነገር ርካሽና አሮጌ ነው። ሊመጣ ያልቻለው የሚያስመጣው ሰው ስለሌለ እንጂ ገና ስላልተፈለሰፈ አይደለም።

በእርግጥ አዳዲሶቹም አሉ፣ ይግቡልን። ቮኖፕራዛን የሚባለው የጃፓን መድኃኒት አሲዱን ከኦሜፕራዞል ጠንከር አድርጎ ለረጅም ሰዓት ያቆማል። አሲዱ ሲቀንስ ባክቴሪያው መራባት ይጀምራል፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ የሚገድለው የሚራባውን ነው። ለኛ ሰው ይህ ነገር የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 የስዊድን ተመራማሪዎች ኦሜፕራዞልን ጉበት ውስጥ በፍጥነት የሚያጠፋ የጂን ዓይነት አገኙ። ከስዊድናውያንና ከኢትዮጵያውያን በወሰዱት ናሙና ድግግሞሹ 18 በመቶ ነበር። በቻይናውያን 4 በመቶ። ይህ ጂን ያለው ሰው ኪኒኑን በሰዓቱ ውጦም አሲዱ በቂ ላይቀንስለት ይችላል። ይኼም «አይጨርስም» ተብሎ ይቆጠርበታል? ክላሪትሮማይሲን ይሠራ አይሠራ እንደሆነ ከሰገራ ናሙና ጂኑን አይቶ የሚናገር ምርመራም አለ።

ለኔ ግን ከሁሉም የሚብሰው መጨረሻ ላይ ማንም አለማየቱ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ መረጋገጥ አለበት። በትንፋሽ ወይም በሰገራ ምርመራ። እናቴን ያየኋት ግን ክንዷን ስትወጋ ነው። የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። እሱ ባክቴሪያው ከሞተ በኋላም ለወራት፣ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። የዳነውን ሰው «ፖዘቲቭ» ብሎ እንደገና አንቲባዮቲክ ያስውጠዋል። ስንቱ ሰው ነው በዚህ መንገድ በሌለ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚጠጣው? ይህ ቀልድ አይደለም። ባክቴሪያው ከጨጓራ ካንሰር ጋር ስላለው ግንኙነት የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 ከትንባሆ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦታል።

እንግዳው ሐኪም በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመጡ አንድ ነገር ይንገሩልን። የሚያዳምጣቸው ሰው ሁሉ «ከወር በኋላ የሰገራ ምርመራ ይታዘዝልኝ» ብሎ ሐኪሙን እንዲጠይቅ።

እናቴ በስተመጨረሻ የሚያዳምጣት ሐኪም አገኘች። አራቱን አዘዘላት። ቢስመዙን እህቴ በመንገደኛ ላከች። ጭረቶቹ በዚህ ዙር በቀን አራት ነበሩ፣ ለ14 ቀን፣ ሌላ 56። ከመጨረሻው ጭረት በኋላ አራት ሳምንት ቆጥራ አንድ ቀን ከብባለች። የሰገራ ምርመራው ቀን ነው። ምርመራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኦሜፕራዞሉን አቁሚ ስለተባለች እዚያም ላይ ምልክት አድርጋለች። ማታ ማታ ያቃጥላታል። ትናንት «አንድ ኪኒን ብቻ ልዋጥ?» አለችኝ። ከዚያ ካላንደሩን አየችና ተወችው።