ስንት ሰው አመጣህ?

አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። ይችን ነገር ሳልጽፍ ብተኛ ሌሊት ታፍነኛለች።

ስለ ጀልባው ሰውዬ ነው። ባሕር ዳር ጣና ወደቡ አካባቢ የምትውሉ ታውቁታላችሁ። ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ የሚያደርግ፣ ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር። ስሙን አልጠራም፤ ደግሞም አላውቀውም። ይህን «አላውቀውም» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ዛሬ ሙሉ ቀን ያመነኝ የለም።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አክስቴንና ልጇን ይዤ ደረስሁ። ገና እግዜር ይመስገን ሳንባባል፣

«ስንት ሰው አመጣህ?» አለኝ።

አመጣህ! በግ ነድቼ ገበያ የወረድሁ አስመሰለኝ።

«ሦስት ነን» አልሁት።

«አንተን ሳይጨምር?»

«እኔን ጨምሮ።»

«አንተማ አትቆጠርም» ብሎ ሳቀ።

እሽ፣ አልቆጠር። ክብራን ደሴትን አሳይቶ፣ ዘጌ ገዳማቱ ጋ አድርሶ ለመመለስ 6,000 ብር ጠራ። ባለፈው ጓደኛዬ በ4,000 ሄዷል ብለው ነዳጅ ወረፋ ላይ እንዴት እንዳደረ ተረከልኝ። እዚህ ላይ ሰውየውን አልፈርድበትም። የነዳጅ ወረፋ የባጃጁንም የጀልባውንም ሰው እኩል ነው ያደረገው። ከዚያ ግን ትከሻዬን ይዞ ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና ሹክ አለኝ። ሹክ ስላችሁ፣ ዕድሜውን በሞተር ድምፅ ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው ሹክታ ነው። ደብረ ማርያም ደሴት ድረስ ይሰማል።

«ያንተን 500 ከላይ አድርጌበታለሁ። አታስብ።»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «የምን ያንተ ነው?» አለች።

እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰላት። «የሱ ኮሚሽን ነው፣ እማማ። ሁሌም ያለ ነው።»

ሁሌም! ሰውየውን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። እኔ ጣና ላይ ከወጣሁ ራሱ 4 ዓመት ሆኖኛል፤ እሱም ለሰው ሠርግ ነው። በዚያ ላይ «እማማ» አላት። አክስቴ ገና 56 ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን ትቀባለች፤ አዲስ አበባ ሰፈሯ ውስጥ «እማማ» ያላት ሱቅ ሁለተኛ አትገባም። በአንድ ዐረፍተ ነገር እኔን ሌባ፣ እሷን አሮጊት አደረገን።

ክብሬን ላስመልስ ብዬ ደግሞ የባሰ ሠራሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «እኔ ኮሚሽን የምትባል ነገር አልወስድም! 500ውን ቀንስ!» አልሁት።

«ካልፈለግህ እሽ፤ 5,500» አለ፤ ምንም ሳይመስለው።

«ለካ ነበረበት» አለች አክስቴ።

አለቀ። ቢቀነስ ነበረበት፤ ባይቀነስ አለበት። «ኧረ እትዬ፣ ደላላ መስየው እኮ ነው» አልኋት። «እሽ» አለች። ይህ «እሽ» የእናቴም አለ። እህትማማቾች ናቸው። የሚናገሩት በር ሲዘጉ ነው።

ወደ ኋላ ልመለስ። የዚህ ሁሉ መነሻ ዝርዝር ነው። የአክስቴ ልጅ ስልኳ ላይ ዝርዝር ጽፋ መጣች። የሚቆዩት አንድ ቀን ተኩል ነው። ዝርዝሩ ላይ ዘጌ አለ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፣ ናርጋ ሥላሴ አለ፣ ጢስ ዓባይ አለ፣ ጎርጎራ አለ፣ ግሽ ዓባይ አለ። ከሥሩ «የፀሐይ ግባት ከቤዛዊት ኮረብታ» ይላል። ከዚያ «ዓሣ»።

እህቴ፣ ጣና የጓሮ ኩሬ መሰለሽ? ከጫፍ ጫፍ 80 ኪሎ ሜትር ያልፋል! ዳጋ ለመድረስ ብቻ ከ2 ሰዓት በላይ ውሃ ላይ ነሽ፤ መመለሻውም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣል፤ ሐይቁ ጠዋት እንዳየሽው አይጠብቅሽም። ጎርጎራ ማዶ ነው፤ የጎንደር ነው። ግሽ ዓባይ ጭራሽ ሐይቁ ላይ የለም፤ ሰከላ ነው፤ ተራራ ላይ ያለ ጠበል ነው።

«ዓባይ ከጣና አይደል እንዴ የሚነሣው?» አለችኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ ላስተምር? አስተማርሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ። ከግሽ ይነሣል፣ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወደ ጣና ይገባል፣ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። አባቶች ሐይቁን ሳይቀላቀል አቋርጦት ያልፋል ይላሉ። ይህን ሁሉ በላብ ተጠምቄ ነገርኋት። «አሪፍ ነው፤ ታዲያ ለምን ግሽ አንሄድም?» አለች።

ደግሞ አንድ ነገር እንግባባ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሥራ አለው። ኪራይ አለበት። ማታ ቢምቢ ይበላዋል። «አንተማ ታድለህ፣ ገነት ውስጥ ነው የምትኖረው» የምትሉ ሰዎች፣ ኑና ኪራዩን ተካፈሉኝ። ዘንባባው ያምራል፤ አዎ። አዲሱ የዓባይ ድልድይም ያምራል፤ 380 ሜትር ነው፤ ሳልወድ በግድ በእግር አሻግራችኋለሁ፤ ሁላችሁም ግን እዚያው ቦታ ላይ ነው ፎቶ የምትነሡት። ያለፈው ዓመት አማቼ 7 ሰው ይዞ መጥቶ አልጋዬን ለቅቄ ሳሎን ፍራሽ ላይ 3 ሌሊት አድሬያለሁ። ሲሄዱ ምን አሉ? «ከተማው ጥሩ ነው፤ ሙቀቱ ግን!» ሙቀቱንም እኔ ያደረግሁት ነው።

ትናንት ከሰዓት ጢስ ዓባይ ሄድን። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአክስቴ ወገብ ግን 300 ነበር። የዐፄ ሱስንዮስ ዘመኑን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ አቀበቱን ወጥተን፣ ፊት ለፊት ደረስን። ከገደሉ አንድ ጥግ ላይ ውሃ ይወርዳል። ሌላው ጥቁር ድንጋይ ነው።

አክስቴ ቦርሳዋን ከፈተች። ከስንት ዘመን እንዳስቀመጠቻት እንጃ፣ አሮጌዋን የወረቀት 1 ብር አወጣች። ፏፏቴው ጀርባዋ ላይ አለ አይደል? ብሯን ወደ ገደሉ አነጻጽራ ያዘች። አንዴ ብሯን፣ አንዴ ገደሉን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ሌላ ቦታ ነው እንዴ ያመጣኸን?»

አይደለም እትዬ። እሱ ነው። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ እዚያው አጠገቡ መብራት ሲመነጭበት ኖሯል፤ በዚያ ላይ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የጣና በለስ ማመንጫ ውሃውን ገና ከሐይቁ በዋሻ አድርጎ ወደ በለስ ይወስደዋል። ክረምት ጠግቦ ሲፈስ ብትመጪ ይሻላል አልኋት። ማታ ቤት ገብተን መብራት ሲጠፋ «ታዲያ ውሃው መብራት ከሆነ ለምን በሻማ ታስመሸናለህ?» አለችኝ። መልስ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። እኔ አጣሁ።

እንግዲህ በዚህ መንፈስ ነው ዛሬ ጀልባው ላይ የወጣነው።

ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። አክስቴ ታውቃለች፤ «ከጀልባው ሆኜ እሳለማለሁ» ብላ ነው የመጣችው። ልጇ አታውቅም። «ታዲያ ለምን ከፈልን?» ብላ ተነሣች። ጀልባዋ ተናወጠች። ሰውየው «እህት፣ ተቀመጪ» አለ። እኔ ነኝ ተልኬ የወጣሁት። አክስቴ ጧፍና 200 ብር ስለት ሰጠችኝ። ዳገቱን ወጣሁ፤ ጧፉን አስረከብሁ፤ ብሩን ከሙዳየ ምጽዋቱ ከተትሁ፤ ወርጄ ጀልባዋ ላይ አንድ እግሬን ሳሳርፍ፣

«አስገባኸው?»

«አዎ እትዬ።»

«ሙሉውን?»

ኧረግ! እስቲ እናንተ ፍረዱ። የገብርኤልን ብር? ሰውየው ሞተሩን እያስነሣ ፈገግ ሲል አየሁት። እዚያው ጣና ውስጥ ዘልዬ ብገባ ደስ ባለኝ። ግን ዋና አልችልም። ባሕር ዳር ተወልጄ ዋና አልችልም፤ ይህም ራሱን የቻለ ብሶት ነው።

ዘጌ ላይ እንኳ ትንሽ ነፍሴ ተመለሰች። ዘጌን ክፉ አልናገርም። ከጀልባው እንደወረድህ ጫካው ይውጥሃል። ቡናው በትልልቁ ዛፍ ሥር ነው፤ ቀይ ፍሬው መንገዱ ላይ ይረግፋል። እዚያ አገር በሬ አይጠመድም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ብለው መሬቱን ሳያርሱ ኖረዋል። ዝም ብትሉኝ ቀኑን ሙሉ እዚያ እውል ነበር። ግን ዝም የሚል የለም። ግራና ቀኝ መስቀል፣ ሥዕል፣ ከደንገል የተሠራች የእጅ መዳፍ የምታህል ታንኳ። የአክስቴ ልጅ 3 ታንኳ ገዛች። ማን ተሸከመ? የማይቆጠረው ሰውዬ።

በነገራችን ላይ እነዚያ ልጆች ላይ አልፈርድም። ቱሪስት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው። አንድ ቤተሰብ ሲመጣ ሠላሳው ቢከበው ምን ይገርማል?

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን ሥዕል ነው፤ ከላይ እስከ ታች ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። አክስቴ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ እየዞረች ታያለች። በላዔ ሰብ ጋ ስትደርስ ቆመች። ረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ዞራ አየችኝ።

በላዔ ሰብ! 78 ነፍስ የበላውን ሰውዬ አይታ እኔን አየች! እሱስ በእፍኝ ውሃ ምሕረት አገኘ። እኔ ያልበላሁት 500 ብር ጣና ሙሉ ውሃ አላጠበውም።

ስንመለስ ሰውየው «ጉማሬ ላሳያችሁ፤ ዓባይ መውጫው ላይ ነው፤ 800 ብር ጨምሩ» አለ። እኔ አልተነፈስሁም። ብተነፍስ 100 ያንተ ሊል ነው። የአክስቴ ልጅ ከፈለች። ሄድን። ደንገል አለ፤ ወፍ አለ፤ በደንገል ታንኳ መረብ የሚጥል አንድ ሽማግሌ አለ። ጉማሬ የለም። «ብራችንን መልስ» ብትለው፣ «እህት፣ ጉማሬ ቀጠሮ አይሰጥም» አላት። ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። አክስቴ ተባባሪነቴን በዚያ ሳቅ አረጋገጠች።

ምሳ። ሐይቁ ዳር፣ እግራችን ውሃ ሊነካ ምንም አልቀረው። አስተናጋጁ መጣ።

«ምን አለ?»

«ጥብስ፣ ሽሮ፣ ፓስታ።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣ አልቋል።»

ጀርባው ላይ ጣና አለ! ዞር ብሎ ያየዋል! ቆረሶው አልቋል፣ አምባዛው አልቋል፤ ፓስታ ግን ጣልያን እንዳለ ነው! የአክስቴ ልጅ ዝርዝሯ ላይ «ዓሣ» የሚለውን በጣቷ ሰረዘችው። ያንን ስረዛ አልረሳውም። ዳጋ ተሰርዟል፣ ናርጋ ተሰርዟል፣ ጎርጎራ ተሰርዟል፣ ቤዛዊት ትናንት ደመና ነበር ተሰርዟል። አሁን ዓሣ። ስልኩን ወደ እኔ አዙራ ሳቀች። የከተማውን ካርድ እንደ ወላጅ ፈርሜ የተቀበልሁ መሰለኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘኋቸው። አክስቴ ግንባሬን ሳመችኝና «ተቸገርህ ልጄ» አለች። ደስ አለኝ፤ እውነት ደስ አለኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ 500 ብር አወጣችና ኪሴ ውስጥ ከተተች።

«ኧረ እትዬ! ምንድን ነው?»

«ያስቀነስኸው ነው። ከሥራህ አትጉደል።»

እምቢ ብዬ ብታገል ሰው አየን። ብቀበል አመንሁ ማለት ነው። ፖሊሱ «ወደፊት፣ ወደፊት» እያለ ይነዳቸዋል። ብሩ አሁን እፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልነካሁትም።

ባጃጅ ውስጥ እያለሁ እናቴ ከፍኖተ ሰላም ደወለች። አውሮፕላኑ ገና አልተነሣም እኮ! «እንዴት ዋልህ» የለ፣ «ደርሰህ ገባህ» የለ። «የእህቴን ብር ከጀልባ ሰው ጋር ተካፈልህ አሉ» አለችኝ። አሉ! አገሩ ሁሉ ያለ ይመስል። አስረዳሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ «ስንት ሰው አመጣህ» ካለኝ ጀምሬ አስረዳሁ። ባጃጁ ሹፌር እንኳ በመስታወት እያየ ራሱን ይነቀንቃል። እናቴ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«እሽ» አለች።

ይህን እየጻፍሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር። አነሣሁት። ከኋላ ሞተር ይንጫጫል። ጠዋት «ነዳጅ ቀድቼ ልደውልልህ» ብሎ ቁጥሬን ወስዶ ነበር ለካ።

«ወንድሜ፣ እንዴት አመሸህ? እማማ በሰላም ገቡ?»

«ገቡ።»

«ለነገ ሰው አለህ? እሑድ ነው፤ ጠዋት ጣናው ጸጥ ያለ ነው።»

ልዘጋበት ነበር። ልሰድበውም ነበር፤ ስድቡን ሙሉ ቀን ሳዘጋጅ ነው የዋልሁት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን 500 አየሁት። የባጃጁን፣ የምሳውን፣ የጢስ ዓባዩን ኮንትራት ደመርሁት። የፊታችን ሳምንት ደግሞ የአማቼ ወንድም ከነቤተሰቡ ይመጣል።

«ስንት ፐርሰንት ነው?» አልሁት።