ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር እምምም

ለክቡር እምምም
ባሉበት፣ ማለትም ግድግዳዬ ውስጥ
ጅማ

ጉዳዩ፡- ሳይጠሩ እየመጡ ስለመዝፈንዎ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር። እንደምን ሰነበቱ አልልም። እንደሰነበቱ ሰምቻለሁ። ትናንት ማታም ሰምቻለሁ። ግቢያችን ውስጥ የእርስዎን ድምፅ ያልሰማ ካለ፣ ወይ ተኝቷል ወይ ጆሮውን መታየት አለበት።

ለማያውቅዎ አንባቢ በአጭሩ ላስተዋውቅዎ። ሰው የኤሌክትሪክ ጊታሩን አምፕ በሚሉት ድምፅ ማጉያ ላይ ይሰካል። አምፑን ያበራል። ገና ጣቱ ክር ሳይነካ፣ ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣ አንድ "እምምምምም" የሚል ቀድሞት ይጀምራል። እሱ እርስዎ ነዎት። የሙዚቃ ልጆች ሃም ይሉዎታል። እኔ ግን ደብዳቤ ስለሆነ ማዕረግዎን ጠብቄያለሁ።

ጊታሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ያገለገለ ነው። ፌንደር ጃፓን፣ ስትራቶካስተር። ነጭ የነበረው ቀለሙ ወይቧል። ጀርባው ላይ የማላውቀው ጃፓናዊ የቀበቶ ዘለበት የፋቀው ቦታ አለ። አንገቱን ሲፈቱት ሥሩ ላይ "ሜድ ኢን ጃፓን" ይላል። ታሪኩም ደስ ይላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካን ጊታር እየቀዱ ሲሠሩ ቅጂው ኦርጅናሉን ሊያስንቅ ደረሰ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደርም በ1982 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ነጋዴዎች ጋር ተሻርኮ እዚያው ማሠራት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ የተሠሩት ማትሱሞቶ ከተማ፣ ፉጂገን የሚባል ፋብሪካ ውስጥ ነው። ካልቻልካቸው ተቀላቀላቸው ማለት ይኼ ነው።

እኛ አገር ደግሞ "ጃፓን ነው" ከተባለ፣ መኪናም ይሁን ሰዓት፣ ክርክሩ ያበቃል። ለእኔ ጊታር ግን አልሠራም። በማን ምክንያት? በእርስዎ።

እርስዎ ሲያጉረመርሙ የሚሰደበው ጊታሩ ነው። "ያገለገለ ዕቃ መጨረሻው ይኼ ነው" ይላሉ የግቢያችን ጋሼ፣ ጫታቸውን እየቀነጠሱ። "በዚህ ብር አዲስ የቻይና አይገኝም ነበር?" አዲስ የቻይናም ቢሆን ፒክአፑ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) አንድ ዓይነት ከሆነ እርስዎ እንደማይቀሩ ማን ያስረዳቸው? ጨንቆኝ የጅማ መርካቶ አንድ ራዲዮ ሠሪ ጋ ወሰድኩት። ከፈተው። አየው። በረዥሙ ተነፈሰ። "ይኼ ጃፓን ነው፣ መለዋወጫ የለውም" አለና ያልተበላሸውን ሽቦ በስታኞ እንደ አዲስ በይዶ ሒሳቡን ተቀበለ። ቤት ስገባ እርስዎ ደልቶዎት ጠበቁኝ።

እውነቱን እኔና እርስዎ እናውቃለን። ጊታሩ ምንም አላጠፋም። ፒክአፕ ማለት ማግኔት ላይ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር የተጠቀለለበት ነገር ነው። ሥራው የብረቱ ክር ሲርገበገብ ያንን ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። ችግሩ፣ ሽቦው ከመጠን በላይ እንግዳ ተቀባይ ነው። የክሩንም ይቀበላል፣ የግድግዳውንም ይቀበላል። ግድግዳው ውስጥ ደግሞ መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እንግዲህ የትውልድ ሐረግዎ ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ሩቅ አገር ሰው አይደሉም። ግልገል ጊቤ ከእኛ ብዙ አይርቅም። የመጀመሪያው ጣቢያ ብቻ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከዚያ ሁሉ ለእኔ የደረሰኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ጊታር ይዤ ሲያየኝ "ሙላቱ አስታጥቄም እኮ የጅማ ልጅ ነው" ይለኛል። እውነት ነው፤ በ1936 ዓ.ም. እዚሁ ነው የተወለደው። ከዚያ እስቲ እንስማህ ይሉኛል። እሰካለሁ። እርስዎን ይሰሙና ስለ ሙላቱ ማውራት ያቆማሉ።

ጊታሩ ጃፓን ሳለ ያውቅዎት እንደሆነ አስቤ ነበር። ያውቅዎታል እንጂ! እዚያማ ሁለት መታወቂያ አለዎት። በቶኪዮ በኩል 50 ነዎት፣ በኦሳካ በኩል 60። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ጀነሬተሩን ከጀርመን ሲገዛ ኦሳካ ከአሜሪካ ገዛ። እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ቮልቱ ግን በሁለቱም በኩል 100 ነው፣ የእኛ ደግሞ 220። ስለዚህ ከጊታሩ ጋር የመጣው ትንሹ አምፕ እዚህ ያለ ትራንስፎርመር የሚበራው አንዴ ብቻ ነው። ሁለተኛ አይበራም። ትራንስፎርመር ተገዛ። እሱም ለእርስዎ ተጨማሪ ክፍል ሆነ። ጊታሩን ባስጠጋሁት ቁጥር ከውስጡ ብቅ ብለው "እምምም፣ መጣህ?" ይሉኛል። ገመዱ የፈቀደውን ያህል አርቄ በሩ ሥር አስቀመጥኩት። አሁን ወጪ ገቢው ሁሉ የእግሩን ጣት ይመታበታል። ያም በእኔ ተቆጥሯል።

ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን አድልዎዎ ነው። ፊቴን ወደ ጅሬን ኮረብታ አዙሬ ስቀመጥ ድምፅዎ ይሰልላል። ወደ አዌቱ ወንዝ ስዞር ይጮኻሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ከሽቦዎችዎ የሚወጣው መስክ አቅጣጫ አለው፣ ፒክአፑም አቅጣጫ አለው። ሲገጣጠሙ ይብሳል፣ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ይቀላል። የእኔ ዕድል ሆኖ ጅሬን ያለው በቡፌው በኩል ነው። ሰው የሚቀመጠው በሌላው በኩል።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ ከአጋሮ መጣች። ዶሮው ተበላ፣ ቡናው ቀረበ፣ "እስቲ አንድ ትዝታ አሰማን" አለችኝ። ሰካሁ። እርስዎ ቀድመው ሰላምታ ሰጡ። እኔም ቀስ ብዬ ዞሬ ቡፌው ፊት ለፊት ተቀመጥኩና ትዝታን ለብርጭቆዎቹ ተጫወትኩ። ከኋላዬ "ምን አስቀይመነው ነው ጀርባውን የሰጠን?" ስትል ሰማሁ። እናቴ "ያፍራል፣ ከልጅነቱም እንዲህ ነው" ብላ ሸፈነችልኝ። ሲያልቅ አጨበጨቡ። እጅ ልነሳ ብዬ ዞርኩ። ጊታሩም አብሮኝ ዞረ። እምምምምም! አክስቴ ምጣዱ እንደተሰካ የተረሳ መስሏት ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

የእጅዎም አመል አለ። ማለቴ የእጄ። ክሩ ላይ እጄን ሳሳርፍ ይቀንሳሉ፣ ሳነሳ ይጨምራሉ። እንግዲህ ጅማ ነው ያለነው፤ ቡና በቀን አንዴ አይጠጣም። አቦሉን በቀኝ እጄ ይዤ ግራዬን ክር ላይ አደርጋለሁ። ስኳር የሚያማስልልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ቶናው ላይ ደክሞኝ ክሩን ከለቀቅኩ ወሬው ይቋረጣል፣ ሁሉም ዞሮ እኔን ያያል። እርስዎን ማየት አይችሉማ።

እሺ፣ መዝፈንዎ ካልቀረ ቅኝት ጠብቀው ቢዘፍኑ ምን ነበረበት? ይኼንንም አስቤበታለሁ። ትዝታን ሶል ከምትባለው ኖታ አንስቼ እርስዎን እንደ አጃቢ ልቆጥርዎት ፈልጌ ነበር። ታችኛዋ ሶል ግን በሰከንድ 49 ጊዜ ነው የምትርገበገበው። እርስዎ 50 ነዎት። አንድ ቁጥር ምን አላት እንዳይሉኝ። ለጆሮ ብዙ ናት። ሶል አይደሉም፣ ሶል ዲዬዝም አልደረሱም፣ መሀል ላይ ቆመዋል። ጊታሩን በእርስዎ ልክ ስቃኘው ደግሞ ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ "ማነው የሳተው?" ብሎ እኔን ያፈጥብኛል።

በመጨረሻ ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ። ሶኬቱን በካቻቪቴ ፈታው። ባለሦስት ቀዳዳ ነው፤ ከውጭ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ከኋላው የመጡት ሽቦዎች ግን ሁለት ናቸው። "አርዙስ፣ የመሬት ሽቦውስ?" አልኩት። "አርዝ የለውም። ቀዳዳዋ ለወግ ናት" አለኝ። ለካ ክሩን ስነካ የሚቀንሱት እኔን እንደ መሬት ሽቦ እየተጠቀሙብኝ ነው! በነፃ! ቀልዱን ትተን፣ አርዝ በሌለበት ቤት ክር ይዞ ማይክ ላይ ከንፈር ማሳረፍ ጨዋታ አይደለም። ሲቀል ይቆነጥጣል፣ ሲብስ ይገድላል። ይኼን የምለው ለእርስዎ ሳይሆን ይህን ደብዳቤ በትከሻዎ አሻግሮ ለሚያነበው የባንድ ልጅ ነው።

ወንድምዎንም አውቀዋለሁ። እዝዝዝ የሚባለውን፣ ቀጭኑን። ከጎረቤት ብየዳ ቤት፣ ከፍሎረሰንቱ፣ ከርካሽ ቻርጀር ነው የሚመጣው። ብየዳው ሲጀምር ሁለታችሁ ዱየት ትሠራላችሁ። እሱ እንኳን መላ አለው። አርዝ ከተገኘና የጊታሩ ሆድ በመዳብ ፎይል ከተለበጠ አብዛኛው ይበርዳል። እርስዎ ግን ፎይል አይበግርዎትም። በአብዛኛው ማግኔት ነዎት፣ ሰንጥቀው ያልፋሉ።

ለእርስዎ የሚሆነው መድኃኒትም ከተገኘ ቆይቷል። በ1955 እ.ኤ.አ. ሴት ላቨር የሚባል፣ ጊብሰን የተባለው የጊታር ፋብሪካ ኢንጂነር ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አደረገ። አንዱን በተቃራኒ አጋጠመው፣ ማግኔቱንም ገለበጠ። የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ የእርስዎ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሀምበከር ይሉታል። አንዳንድ ስትራቶካስተር ላይም የመሀሉ ፒክአፕ በተቃራኒ ስለሚጠቀለል፣ የፒክአፕ መምረጫው ካሉት አምስት ቦታዎች በሁለቱ ላይ ሲሆን ዝም ይላሉ። የእኔ ጊታር ይህ አልደረሰውም። አምስቱም ቦታ ላይ አሉ።

ጓደኞቼ "ሀምበከር አስገባና ተገላገል" ይሉኛል። አላስገባም። ግማሹ እልህ ነው። ግማሹ ደግሞ ያቺ ጥርት ያለች የነጠላ ጥቅል ድምፅ ናት። ትዝታ ላይ ከላይኛው ክር ስትወርድ ሌላ ፒክአፕ አይተካትም። እርስዎን ፈርቼ እሷን አልሸጥም።

አንድ ጊዜ ብቻ ፍጹም ዝም ይላሉ። መብራት ሲጠፋ። ያኔ ደግሞ እኔም እጠፋለሁ። ጊታሩን ታቅፌ በሻማ፣ ለራሴም የማይሰማኝን ዘፈን እጫወታለሁ። ሲመጣ መንደሩ ሁሉ "መጣ!" ይላል። ስለ መብራቱ ነው። እኔ ብቻ ነኝ ስለ እርስዎ የምለው።

አርዝ ይቀበርልኝ ብዬ አከራዬን ጠይቄያለሁ። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መትከልና ሽቦ መሳብ ነው። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይሠራል። እርጥብ አፈር ከተባለ ጅማን ማን ያክላታል? ዝናቡ ክሮቼን ዝገት ሲያለብስ ከርሟል፣ አንዴ እንኳን ቢክሰኝ ምን አለበት? እትዬ ግን "ግቢዬን ለዘፈን አላስቆፍርም" አሉ።

"እትዬ፣ ለፍሪጅዎም እኮ ይጠቅማል። ሰው እንዳይዝ።"

"ፍሪጄ መቼ ዘፈነ?" አሉኝ።

ስለዚህ ክቡር፣ ለጊዜው አብረን መኖራችን ነው። የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። አንደኛ፣ አክስቴ ስትመጣ ሁለት ዘፈን ያህል ይታገሱኝ፤ በመጪው በዓል ፊቴን ልታይ ትፈልጋለች። ሌላው፣ ጋሼ "ያገለገለ ዕቃ" ባሉ ቁጥር እባክዎ ከግድግዳው ውስጥ "እኔ ነኝ" ይበሉ። ጃፓኑ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ስሙ በከንቱ አይጥፋ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ቢያንስ ወደ 49 ዝቅ ይበሉልኝ፣ ትዝታውን አብረን እንጨርሰዋለን።

ከሰላምታ ጋር
ባለጊታሩ

ግልባጭ፡-
ለእንጀራ ምጣዱ፣ በስህተት ለተጠረጠረበት ይቅርታ
ለጎረቤት ብየዳ ቤት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የክቡርን ወንድም እንዲያሳድሩ
ለእትዬ፣ አካፋው የት እንደተቀመጠ እንዲገለጽልኝ