ሁሉም አዝማች

ሌላ አገር ሰው ቤት ሊለቅ ሲል ከወር በፊት ካርቶን ይሰበስባል። የማይፈልገውን ዕቃ ይሰጣል፣ መኪና ያነጋግራል፣ የአዲሱን ቤት በር በሜትር ይለካል። የሚያሳዝን ኑሮ ነው። እኛ ጎንደር ላይ እንዲህ እየፈራን አንኖርም። ቅዳሜ የሚለቅ ሰው ቤት ዓርብ ማታ ብትገቡ የቡፌው ብርጭቆ እንኳ ከቦታው አልተነሣም። የሰርጉ ፎቶ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። «ኧረ ነገ አይደል እንዴ የምትለቁት?» ስትሉ ባለቤቱ ሳቅ ይላል። «ምን ችግር አለ፣ ሰው ይመጣል።»

ሰውም ይመጣል። ይህን ማንም አይክደንም።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1636 ማለት ነው፣ ጎንደርን መቀመጫቸው እስኪያደርጉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ ለረጅም ዘመን ድንኳን ነበር። ነቅሎ መትከል ነው ሥራው። ግን ዝም ብሎ መንቀል አልነበረም። መሃል ላይ የንጉሡ ድንኳን፣ ከፊት ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኝ አዝማች፣ በግራ ግራ አዝማች። ያ ሁሉ ሕዝብ ከአንድ ሜዳ ተነሥቶ ሌላ ሜዳ ሲሰፍር፣ ማን የት እንደሚያርፍ ቀድሞ የታወቀ ነበር።

እኛ ከዚያ ሁሉ ሥርዓት ማዕረጉን ወርሰናል። ቅዳሜ ጠዋት የሚለቀው ሰው ግቢ ገብታችሁ ቁጠሩ። ፊታውራሪ አለ። ቀኝ አዝማች አለ። ግራ አዝማችማ አራት አምስት አይጠፋም። ዘማች ብቻ የለም።

(ነገሥታቱ ራሳቸው ግንብ ከለመዱ በኋላ ዕቃ ማመላለስ የሰለቻቸው ይመስለኛል። ፋሲል ግቢን ዞራችሁ እዩት። ዮሐንስ የራሳቸውን ሠሩ፣ ኢያሱ የራሳቸውን፣ ዳዊት የራሳቸውን፣ በካፋ የራሳቸውን። እቴጌ ምንትዋብ ጭራሽ ወጣ ብለው ቁስቋም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት አሠሩ። የቁም ሳጥን ጣጣ ቢፈሩ ነው እላለሁ። የታሪክ ምሁራን ይቅር ይበሉኝ።)

ወደ ቅዳሜ እንመለስ። አይሱዙው ለሁለት ሰዓት ተቀጥሮ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ማንም አይቆጣም፣ ምክንያቱም እስካሁን አንድም ዕቃ አልታሰረም። ከዚያ መኪናው ወደ ኮብልስቶኑ ቅያስ በኋላ ማርሽ መግባት አለበት። አንዱ ከቀኝ «ና! ና! ና!» ይላል። ሌላው ከግራ «በቃ! በቃ!» ይላል። ሦስተኛው ከኋላ ቆሞ ስልክ እያወራ በእጁ የሆነ ምልክት ይሰጣል፤ ለሾፌሩ ይሁን ለሚያወራው ሰው አይታወቅም። ሾፌሩ ሁሉንም ይሰማና አጥሩን ይነካል። «እኔ በቃ ብዬው ነበር» የሚሉት ሦስቱም ናቸው።

ጋሼ በዚህ መሃል ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ወንበሩ የሚጫን ዕቃ ነው፤ ግን እሳቸውን «ይነሡልን» የሚል ደፋር አልተወለደም። ከተቀመጡበት ሆነው ሶፋውን ያዋጉታል። «ቀስ! ወደ ቀኝ! አይ፣ የአንተ ቀኝ አይደለም፣ የሶፋው ቀኝ!» የሶፋ ቀኙ የትኛው እንደሆነ ለመወሰን ሶፋው መሬት ይቀመጥና ክርክር ይጀመራል።

ጫኝና አውራጆቹ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ከባድ ዕቃ ጋቢናውን አስደግፎ መጀመሪያ እንደሚጫን፣ ፍራሽ በቁም ሳጥንና በመስተዋት መካከል እንደሚገባ፣ ገመድ የት ላይ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ። ስለዚህ ጠዋት እናባርራቸዋለን። «ለዚህች ዕቃ ደግሞ ብር? ይሄ ሁሉ ወንድ እያለ!» ስድስት ሰዓት ላይ ወንዱ ሁሉ ወገቡን ይዞ ጥላ ስር ሲቀመጥ፣ አንድ ልጅ ሮጦ እንዲጠራቸው ይላካል። ይመጣሉ፤ ዋጋው ግን የጠዋቱ አይደለም።

ውስጥ ደግሞ እትዬ ያሽጋሉ። ካርቶን ላይ መጻፍ የሚባል ነገር የለም፤ «ወጥ ቤት»፣ «ልብስ»፣ «ሰነድ» እያሉ መከፋፈል የመሥሪያ ቤት ጠባይ ነው። በርበሬው ከልጁ የትምህርት ማስረጃ ጋር፣ መድኃኒቱ ከጫማ ጋር፣ የስልክ ቻርጀሩ ከሲኒው ጋር ይገባል። የተረፈው በፌስታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ካርቶን ሲከፈት እንደ ሎተሪ ነው። ዲግሪው በርበሬ በርበሬ ይሸታል፤ ቢያንስ ብል አይበላውም።

ከሁሉም በላይ ግን የማደንቀው በርሜሉን ነው። ጎንደር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሌሊት ተነሥቶ ጎማ ዘርግቶ በርሜል የሞላ ሰው ያንን ውሃ አይደፋም። «እዚያ መቼ እንደሚመጣ በምን ይታወቃል?» ብሎ ከነውሃው ይጭነዋል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ ውሃው ብቻ ሁለት ኩንታል ነው። አዝማቾቹ በሙሉ የሚነሡት ለዚህ ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» ተብሎ አይሱዙው ላይ ይወጣል። ከአዘዞ ማራኪ እስኪደረስ ግማሹ ተጉዟል፤ ወደ ስፖንጁ ፍራሽ። ያቺን ሌሊት ቤተሰቡ የሚተኛው እርጥብ ፍራሽ ላይ ነው። ውሃው ግን አልባከነም፤ ይኸው ቤት ገብቷል።

ፍሪጁም የራሱ ክብር አለው። ጠንቃቃ ሰው ከአንድ ቀን በፊት ይነቅለዋል፣ በረዶውን ያሟሟል፣ ውስጡን ያደርቃል፣ ቀጥ አድርጎ ያስረዋል። እኛ የሐሙሱን ወጥ ከነድስቱ ውስጡ ትተን እናስተኛዋለን። «ቢቆም ይወድቃል፣ ይተኛ እንጂ» ይላል ቀኝ አዝማች። የተኛ ፍሪጅ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ስለዚህ ሲደረስ ለሰዓታት ቆሞ ዘይቱ እስኪመለስ ሳይሰካ መቆየት አለበት። ይህን የነገረን ሠራተኛ አለ፤ አልሰማነውም። አዲሱ ቤት በገባን በአምስት ደቂቃ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ እንየው» እንላለን። ዕርርር ይልና ዝም። «ድሮም ጤና አልነበረውም» ይላል ራሱ ያስተኛው ሰውዬ። ፍሪጅ ጠጋኙም ልጆች ያሳድጋል፣ ምን ይሁን።

መሄጃችን ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ተጭኖ፣ ገመዱ ተጎትቶ፣ ሾፌሩ ሞተር ካስነሣ በኋላ አንዲት እናት ከበሩ ላይ ይጮኻሉ። «ኧረ በሥላሴ! ቡና ሳይጠጣ?» ጀበናው የት ነው? ከታች፣ ከቡሃቃው ስር። ገመዱ ይፈታል። ግማሽ ዕቃ ይወርዳል። ጀበናው ይገኛል፤ ጆሮው የለም። ጎረቤት የራሷን ጀበና ይዛ ትመጣለች፤ ከመጀመሪያውም ትመጣ ነበር፣ ማን ጠየቃት? ቡናው እስከ ሦስተኛ ይጠጣል፤ ሾፌሩም «ለጥበቃ» የሚል ሒሳብ ይጨምራል።

ወረቀት የሚባለውንማ ተዉት። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። እኛ ግን ደላላው እያለ ምን ወረቀት? እሱ ምስክር ነው፤ ስልኩ ባይነሣም። ከቀበሌ መሸኛ ማውጣትም የሚታወሰን ልጁን አዲስ ትምህርት ቤት ስናስመዘግብ ነው። እርግጥ ብዙ ተከራይ «በአሥር ቀን ውጣልኝ» ተብሎ የሚለቅ ነው፤ እሱ ምን ያቅዳል፣ ምንም አልለውም። እኔ የማወድሰው ሦስት ወር ቀድሞ እያወቀ ዓርብ ማታ ፎቶው ያልወረደለትን ጀግና ነው።

ማራኪ ደረስን። የቡፌው ነገር ገና ነው። ቡፌው በበሩ አይገባም። ሜትር ቢኖር ነገሩ ከሳምንት በፊት በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር፤ ግን በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ምን ጨዋታ አለው? ሁለት ሰዓት ሙሉ በቁም፣ በጎን፣ በጀርባ ተሞከረ። የበሩ ማጠፊያ ተነቀለ። የመስኮቱ ፍርግርግ ይነቀል ያለም ነበር፤ አዲሱ አከራይ ገና ያኔ ነው ፊታቸው የተለወጠው። ጋሼ ግን አልተረበሹም። «የወንድሜ ቤት አዘዞ ላይ ከዚህ የሚሰፋ ቡፌ ከዚህ በሚጠብ በር አስገብተናል» አሉ። እንዴት እንደገባ የጠየቃቸው የለም። ቡፌው በረንዳ ላይ አደረ። ወሩ ሐምሌ ነው። ቺፑድ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጠዋት በሩን ብቻ ሳይሆን ግቢውንም ማለፉ አጠራጣሪ ሆኗል።

አዲሶቹ ጎረቤቶች ግን ደግ ናቸው። «ቤት ለእምቦሳ!» እያሉ ገቡ። «እምቦሳ እሰሩ!» አልን። ዳቦ ይዘው መጥተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። ተቀመጡና ዙሪያውን አዩ። አንደኛዋ ሶፋው በመስኮቱ በኩል ቢሆን ይሻላል አሉ። ሁለተኛዋ ቴሌቪዥኑ ፀሐይ ይመታዋል አሉ። ባለቤታቸው ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው በሩ አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። «ቀስ! ወደ ግራ!»

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አዝማቾቹ በሙሉ ተመርቀው ሄዱ። የሚቀረው አልጋውን መግጠም ብቻ ነበር። ካቻቢቴው ከሩዙ ካርቶን ውስጥ ተገኘ። ብሎኖቹ ግን የሉም። ጠዋት አልጋውን የፈታው የአጎት ልጅ ነው። እንዳይጠፉ ብሎ ጃኬቱ ኪስ ከትቷቸዋል። ተደወለለት። ልጁ አስተዋይ ነው፤ አንድም ብሎን አልጣለም፣ ሁሉም ኪሱ ውስጥ አሉ። እሱ ግን ከሰዓት በኋላ ለሥራ ተነሥቶ አሁን መተማ ገብቷል።